ከሥራ ሰዓት ውጭ የተሠራ ድረ ገጽ ዋጋው ስንት ነው?

አንድ የተሰበረ ሌዘር ፖይንተር በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1995፣ ቦታው የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ነው። ሻጩ ሚስተር ፒየር ኦሚድያር ጄኔራል ማጂክ በተባለ ኩባንያ ተቀጥረው የሚሠሩ የ28 ዓመት ፕሮግራመር ነበሩ። ዕቃውን የሸጡት በዕረፍት ቀናቸው በግል ድረ ገጻቸው ላይ ባዘጋጁት የጨረታ ሰሌዳ ነው። ገዢው ዕቃው የማይሠራ መሆኑን ሳይረዳ ቀርቶ እንዳይሆን ብለው ቢጠይቁት፣ የተሰበሩ ሌዘር ፖይንተሮችን የሚሰበስብ ሰው መሆኑን ገለጸላቸው። ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ከሦስት ዓመት በኋላ ኢቤይ በሚል ስም አክሲዮኑን ለሕዝብ አቀረበ። ባለቤቱንም ቢሊየነር አደረጋቸው።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ሎተሪ ዕጣ ነው። ለባለገንዘብ ግን የሎተሪ ታሪክ አይጠቅመውም። በአዲስ አበባ ቀን ቀን በባንክ ወይም በሶፍትዌር ድርጅት ተቀጥሮ እየሠራ፣ ማታ ማታ የራሱን ድረ ገጽ የሚገነባ ወጣት ባለሙያ ወደ አንድ ነጋዴ ቀርቦ “ይህን ያህል ሺህ ተጠቃሚ አለኝ፤ ትንሽ ገንዘብ ቢገባበት ትልቅ ቦታ ይደርሳል” ቢል እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋዴው መኪና ቢሆን ሞተሩን ያስፈትሻል። ቤት ቢሆን ካርታውን ያያል። ለድረ ገጽ ግን ምኑን ይመልከት?

ከዚህ በታች የቀረቡት የአሜሪካ ገበያ ታሪኮች መልሱን ያመለክታሉ። ሁሉም የተጀመሩት በተቀጣሪ ባለሙያዎች የትርፍ ሰዓት ነው። አንዱ ትልቅ የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ፣ አንዱ ትንሽ ሆኖ ትልቅ ገበያ አናጋ፣ አንዱ ሚሊዮኖች ሲጠቀሙበት ቆይቶ በ35 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ልዩነቱን የፈጠረው የተጠቃሚው ብዛት አይደለም። ወጪው ከባለቤቱ ኪስ በላይ የሆነ ዕለት ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን በርካሽ ይጀመራል?

የትርፍ ሰዓት ድረ ገጽ ከሌላው ንግድ የሚለየው በመነሻ ካፒታሉ ነው። ሱቅ የሚከፍት ሰው ኪራይ ይከፍላል፣ ዕቃ ያስገባል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል። የድረ ገጽ ባለሙያ ግን ዋናውን ወጪ፣ ማለትም የራሱን ጉልበት፣ በገንዘብ አይከፍልም። ኑሮውን የሚሸፍንለት የቀን ደመወዙ ነው። የድረ ገጹ ስም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር፣ አነስተኛ ሰርቨር ደግሞ በወር ጥቂት ዶላር ቢያስወጣው ነው።

ይህ ሁኔታ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ባለሙያው ሥራው ገበያ እስኪያገኝ ድረስ መታገስ ይችላል። ብድር የወሰደ ነጋዴ ወለዱ ሲያስጨንቀው ያልበሰለውን ለገበያ ያወጣል። የትርፍ ሰዓት ሠራተኛውን ግን ቀን የሚጠብቅበት አበዳሪ የለም። ሥራው ባይሳካ የሚከስረው እንቅልፉን ነው።

ጉዳቱም ያለው እዚያው ላይ ነው። ወጪው ስለማይታይ ገቢም አይታሰብም። “ለጊዜው በነፃ ይሁን፤ ክፍያው በኋላ ይታሰብበታል” የሚለው አነጋገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ተጠቃሚው ሲበዛ ሰርቨሩ ይከብዳል፣ ጥያቄውና አቤቱታው ይጎርፋል፣ አጭበርባሪውም አብሮ ይገባል። የማታው ሥራ የቀኑን መሻማት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሂሳቡ ይመጣል።

ለኢትዮጵያዊው ባለሙያ ሂሳቡ ሌላም ገጽታ አለው። የሰርቨርና የድረ ገጽ ስም ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ክረምት ከ100 ብር አልፏል። ደመወዙ በብር የሆነ ሰው ድረ ገጹ ባያድግ እንኳ ወጪው በብር ሲታሰብ ወደ እጥፍ ተጠግቶበታል ማለት ነው። “ወጪው ኢምንት ነው” የሚል ዕቅድ ሲቀርብ በየትኛው ገንዘብ ነው ብሎ መጠየቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

የ30 ዶላሩ ሂሳብ 250 ሲሆን

ወደ ሚስተር ኦሚድያር እንመለስ። የጨረታ ሰሌዳቸውን ኦክሽን ዌብ ብለው በ1995 የአሜሪካውያን የሠራተኞች ቀን በዓል ዕረፍት ላይ ሲከፍቱ ገንዘብ አላስከፈሉም። ያስቀመጡትም የግል ጉዳዮቻቸው በነበሩበት ድረ ገጽ ላይ ሲሆን፣ ስለ ኢቦላ በሽታ መረጃ የሚሰጥ ገጽም ከጎኑ ነበር። ለኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢያቸው በወር 30 ዶላር ይከፍሉ ነበር።

በ1996 የካቲት አካባቢ አቅራቢው መልእክት ላከ። ወደ ድረ ገጹ የሚገባው ሰው በዝቶ የግለሰብ አገልግሎት ከሚፈቅደው በላይ ስለሆነ፣ ክፍያው ወደ ድርጅት ተመን ተለውጦ በወር 250 ዶላር ይሆናል የሚል ነበር። ለአንድ ተቀጣሪ የማዝናኛ ሥራ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ከሦስት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፦ መዝጋት፣ ከኪስ መክፈል ወይም ተጠቃሚውን ማስከፈል።

ሦስተኛውን መረጡ። ይሁንና ሁሉንም አላስከፈሉም። ገዢው በነፃ ገብቶ ይጫረታል። ዕቃው ሲሸጥ ሻጩ ኮሚሽን ይከፍላል። መጠኑም ከ25 ዶላር በታች ለሆነ ሽያጭ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 2.5 በመቶ ነበር። ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ደላላ አዲስ ነገር አይደለም። ገበያተኛውን በር ላይ አያስከፍልም፤ የሚቀበለው ነገሩ ካለቀ በኋላ ገንዘብ በእጁ ከገባው ሰው ነው።

ያን ጊዜ በኢንተርኔት ትንሽ ገንዘብ መላላክ አልተለመደም ነበርና ሻጮቹ ኮሚሽናቸውን በፖስታ ይልኩ ጀመር። አንዳንዱ ቼክ፣ አንዳንዱም በካርድ ላይ የተለጠፈ ሳንቲም ነበር። ክትትል የሚያደርግ ሰው ሳይኖር ፖስታው በባለቤቱ ቤት ተከመረ። ፖስታ የሚከፍት ሠራተኛ እስከ መቅጠር ደረሱ። በየካቲት ወደ 1,000 ዶላር የነበረው ወርኃዊ ገቢ በግንቦት ወደ 5,000 ገደማ፣ በሰኔ ወደ 10,000 ገደማ ደረሰ። የማታው ሥራ ከቀኑ ደመወዝ በለጠ። ሚስተር ኦሚድያር ከመሥሪያ ቤታቸው የለቀቁትም ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። መጀመሪያ ሥራቸውን ለቀው፣ ቀጥሎ ባለገንዘብ ፈልገው፣ በመጨረሻ ገቢ አላሰቡም። ሂሳቡ መጣ፣ ገቢው ሸፈነው፣ ገቢው ከደመወዝ ሲበልጥ ሥራ ተለቀቀ። ቤንችማርክ ካፒታል የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በ1997 ሲገባ ያገኘው ቀድሞውኑ የሚያተርፍ ድርጅት ነበር። መስከረም 24 ቀን 1998 አክሲዮኑ በ18 ዶላር ለገበያ ቀርቦ በዚያው ዕለት ከ47 ዶላር በላይ ዘጋ።

ሌላም ያልተዘነጋ ነገር ነበር። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገበያዩ ክርክር ማስነሣቱ አይቀርም። በየዕለቱ የሚመጣው አቤቱታ ብቻውን የአንድን ሰው ጊዜ ይበላል። ሚስተር ኦሚድያር ዳኛ ከመሆን ይልቅ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው ምስክርነቱን የሚሰጥበትን መዝገብ በየካቲት 1996 ከፈቱ። መርካቶ ውስጥ የነጋዴ ስም የሚሠራውን ሥራ ኮምፒዩተር እንዲሠራው አደረጉ ማለት ነው። ስሙን ለዓመታት የገነባ ሻጭ ያን ስም ትቶ ወደ ሌላ ገበያ መሄድ ይከብደዋል። የድረ ገጹ ዋና ሀብት ከፕሮግራሙ ይልቅ ይህ መዝገብ ሆነ።

የደላሎቹ 10 ዶላር

ሁለተኛው ታሪክ የሚስተር ክሬግ ኒውማርክ ነው። እኚህ ፕሮግራመር በ1993 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሄዱት ቻርልስ ሽዋብ ለተባለው የአክሲዮን ድለላ ድርጅት ለመሥራት ነበር። በ1995 መጀመሪያ በከተማው ያሉ የኪነ ጥበብና የቴክኖሎጂ ዝግጅቶችን እየሰበሰቡ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለወዳጆቻቸው ይልኩ ጀመር። የተቀባዩ ቁጥር 240 ገደማ ሲደርስ ይጠቀሙበት የነበረው ፕሮግራም መሸከም አቃተው። ወደ ሌላ አሠራር ሲዛወሩም ሰው ቀድሞ በለመደው ስም “የክሬግ ዝርዝር”፣ ክሬግስሊስት፣ ተባለ።

ተቀባዮቹ ቀስ በቀስ የሚከራይ ቤት፣ ክፍት የሥራ ቦታ፣ የሚሸጥ ዕቃ ማስታወቅ ጀመሩ። በ1996 ወደ ድረ ገጽ ተለወጠ፣ በ1999 በድርጅትነት ተመዘገበ። ከትልልቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያ የመለጠፍ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ሚስተር ኒውማርክ አልተቀበሉም። ጥያቄው እንደ ቀድሞው ነበር፦ ወጪውን ማን ይሸፍን?

መልሳቸው ከኢቤይ ይለያል። ከሽያጭ ኮሚሽን አልወሰዱም፤ ማስታወቂያው ለአብዛኛው ሰው በነፃ ሆኖ ቀረ። ያስከፈሉት ማስታወቂያው የንግድ ጥቅም የሚሰጠውን ወገን ብቻ ነው። መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ ሠራተኛ የሚፈልጉ ድርጅቶች ከፈሉ። በ2004 የኒው ዮርክና የሎስ አንጀለስ ቀጣሪዎች ለአንድ ማስታወቂያ 25 ዶላር እንዲከፍሉ ተደረገ።

ለደላሎች ትምህርት የሚሆነው የ2006ቱ ውሳኔ ነው። በኒው ዮርክ የቤት ደላሎች ማስታወቂያቸው ከላይ እንዲታይ አንዱን ቤት በቀን ደጋግመው ይለጥፉት ነበር። ቀድሞ የተከራየ ቤት ወይም ጭራሽ የሌለ ቤት በርካሽ ዋጋ ጽፎ ደንበኛ መሳብም ተለመደ። በዚህ የተጎዳው ተከራዩ ብቻ አልነበረም። በእጁ እውነተኛ ቤት ያለው ደላላ ማስታወቂያው ከሥር ይቀበርበታል፣ ደንበኛውም ሁሉን ደላላ በአንድ ዓይን ያያል። ክሬግስሊስት ለእያንዳንዱ የደላላ ማስታወቂያ 10 ዶላር ሲያስከፍል፣ ክፍያው ይምጣልን ያሉት ደላሎች ራሳቸው ነበሩ።

ነገሩ ግራ ቢመስልም ስሌቱ ቀላል ነው። ቤት ለሚያከራይ ደላላ 10 ዶላር ከኮሚሽኑ አንጻር ምንም አይደለም። በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚለጥፈው ግን 500 ዶላር ይከፍላል። ክፍያው ገቢ ከማስገባቱም በላይ ገበያውን አጠራ። በአዲስ አበባ የቴሌግራም ገጾች አንዱ መኪና ወይም አንዱ ኮንዶሚኒየም በአምስት ደላላ ስም፣ በአምስት ዋጋ ሲወጣ ያየ ሁሉ የነገሩን ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም። ነፃ መሆን ሁልጊዜ ለሐቀኛው አይጠቅምም።

በ2000ዎቹ አጋማሽ የክሬግስሊስት ሠራተኞች ከ30 ያነሱ ነበሩ። በገበያው ላይ ያደረሰው ነውጥ ግን ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም። የአሜሪካ ጋዜጦች በ2000 ከአጫጭር ማስታወቂያዎች ያገኙት ገቢ ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሮበርት ሲማንስና ፌንግ ዡ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ክሬግስሊስት ከ2000 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት አስነጋሪዎች ለጋዜጣ ይከፍሉት የነበረ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በኪሳቸው እንዲቀር አድርጓል። ገንዘቡ ወደ ሚስተር ኒውማርክ ካዝና አልገባም። ከገበያው ጠፋ። በነፃ የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሌላውን ገቢ ሳይወስድ ሊያጠፋ እንደሚችል በግልጽ ያሳየ ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ

በ2004 ኢቤይ ከአንድ የቀድሞ የክሬግስሊስት ባልደረባ 28.4 በመቶ የሚሆነውን አክሲዮን ገዛ። ኢቤይ ባጠቃላይ ያወጣው 32 ሚሊዮን ዶላር ነው። ግማሹ ለሻጩ ሲከፈል፣ ቀሪው ለሚስተር ኒውማርክና ለሥራ አስኪያጁ ለሚስተር ጂም በክማስተር ለእያንዳንዳቸው 8 ሚሊዮን ተከፍሏል።

ይሁን እንጂ ጋብቻው አልሰመረም። በ2007 ኢቤይ ኪጂጂ የተባለ ተመሳሳይ ድረ ገጽ በአሜሪካ ከፈተ። የክሬግስሊስት ባለቤቶች ይህን እንደ ክህደት ቆጥረው በ2008 መጀመሪያ የኢቤይን ድርሻ የሚቀንስና እንቅስቃሴውን የሚገድብ ውሳኔ አሳለፉ። ኢቤይ በደላዌር ፍርድ ቤት ከሰሰ። ባለቤቶቹ ያቀረቡት መከራከሪያ ድርጅታቸው ለሕዝብ አገልግሎት እንጂ ለትርፍ የተቋቋመ አለመሆኑንና ይህንኑ ባሕርይውን መጠበቅ እንዳለባቸው ነበር።

ፍርድ ቤቱ በ2010 በሰጠው ውሳኔ ክርክሩን አልተቀበለም። ድርጅታቸውን ለትርፍ በተቋቋመ ኩባንያ መልክ እስካስመዘገቡና ከባለአክሲዮን ገንዘብ እስከ ተቀበሉ ድረስ፣ የባለአክሲዮኑን ጥቅም ወደ ጎን ትቶ በጎ አድራጊ ነኝ ማለት እንደማይቻል አስረዳ። አክሲዮን የሚቀንሰውን ውሳኔም ሻረ። ሆኖም ባለቤቶቹ የዲሬክተሮችን አመራረጥ በተመለከተ ያደረጉት ለውጥ እንዲጸና ተፈቀደ። በ2015 ክሬግስሊስት አክሲዮኑን መልሶ ገዝቶ ነገሩ በዚሁ ተቋጨ።

ትምህርቱ ለሁለቱም ወገን ነው። የድረ ገጹ ባለቤት የሌላ ሰው ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ ሥራው የግል መደሰቻ መሆኑ ያበቃል። ባለገንዘቡም ቢሆን የጀማሪውን ሐሳብ ሳይጠይቅ ከገባ፣ ማትረፍ የማይፈልግ ሸሪክ ይገጥመውና ዓመታት በፍርድ ቤት ያልፋሉ። ድርሻውን ከመግዛቱ በፊት መጠየቅ ያለበት “ስንት ተጠቃሚ አለህ?” ብቻ ሳይሆን “ሥራው የት እንዲደርስ ትፈልጋለህ?” የሚለውንም ነው።

ከሚሊዮኖች ወደ 35 ሺህ

ሦስተኛው ታሪክ የኪሳራ ነው። ሚስተር ጆሹዋ ሻክተር በኒው ዮርኩ ሞርጋን ስታንሊ ባንክ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። በትርፍ ሰዓታቸው የሠሩት ዴሊሸስ ሰው የወደደውን የድረ ገጽ አድራሻ መዝግቦ የሚያስቀምጥበትና ለሌላው የሚያሳይበት አገልግሎት ነው። በ2003 ተጀምሮ ብዙ ሰው ወደደው። በ2005 መጀመሪያ ሥራቸውን ለቀቁ፣ ከኢንቨስተሮች ገንዘብ ተቀበሉ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ድርጅቱን ለያሁ ሸጡ። ለእሳቸው በእርግጥ መልካም ንግድ ነበር።

በ2008 መጨረሻ የዴሊሸስ ተጠቃሚ ከ5.3 ሚሊዮን በላይ መድረሱ ተነገረ። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ መካከል የሚከፍል አልነበረም። ወጪውን የሚሸፍነው ያሁ ነው። ያሁ ራሱ ሲዳከም ደግሞ የማያስገባ ሥራ መጀመሪያ የሚቆረጥ ሆነ። በታኅሣሥ 2010 ያሁ አገልግሎቱን ሊተወው ማሰቡ አፈትልኮ ወጣ። በ2011 የዩቲዩብ መሥራቾች ገዙት፤ በ2014 ለሌላ ድርጅት ተላለፈ።

በዚህ መካከል አንድ ሌላ ባለሙያ ሚስተር ማቼይ ጼግሎቭስኪ በ2009 ፒንቦርድ የተባለ ተመሳሳይ አገልግሎት ከፍተው ነበር። የሳቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከፈልበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ ተመዝጋቢ አንድ ጊዜ ጥቂት ዶላር ይከፍል ነበር። አንድ ሰው በተመዘገበ ቁጥር ለሚቀጥለው ሰው የመመዝገቢያው ዋጋ በሳንቲም ሽራፊ ይጨምር ነበር። ቶሎ የገባ ይጠቀም፣ የዘገየ ትንሽ ይጨምር ነበር። ዓይን የሚስብ ነገር አልነበረውም፤ ግን ሰርቨሩ የሚከፈለው በተጠቃሚው ገንዘብ ነው። የያሁ ወሬ ሲሰማ የዴሊሸስ ደንበኞች ወደዚያ ጎረፉ። በአንድ ሌሊት የመጣውን ሕዝብ ለመሸከም የሚያስፈልገውን ወጪም የመጣው ሕዝብ ራሱ ይዞት መጣ።

በ2017 ሚስተር ጼግሎቭስኪ ዴሊሸስን ገዙት። ዋጋው 35 ሺህ ዶላር ነበር። በአንድ ወቅት ከ5 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ የነበረው ድረ ገጽ፣ በአንድ ሰው የሚመራ ነገር ግን ደንበኞቹ የሚከፍሉበት ድረ ገጽ ንብረት ሆነ።

ባለቤቱ ማነው?

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መጣራት ያለበት ሌላው ነጥብ ባለቤትነት ነው። ሥራው የተሠራው ቀን በሌላ ሰው ደመወዝ በሚኖር ባለሙያ ነውና አሠሪው ነገ መብት አለኝ ሊል ይችላል።

በካሊፎርኒያ የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 2870 መሠረት፣ ሠራተኛው በራሱ ጊዜና የአሠሪውን መሣሪያ ሳይጠቀም የፈጠረውን አሠሪው በውል ሊወስድበት አይችልም። ነገር ግን ፈጠራው ከአሠሪው የሥራ መስክ ጋር የሚገናኝ ወይም ለአሠሪው ከተሠራ ሥራ የመነጨ ከሆነ ይህ ጥበቃ አይኖረውም። በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጭምር የሚጠብቀው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሠራተኛ በሥራ ግዴታው የሠራው ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው እንደሆነ ይደነግጋል።

ስለዚህ ባለሙያው የቅጥር ውሉን ይዞ ቢመጣ መልካም ነው። የባንክ ፕሮግራመር የከብት ገበያ ዋጋ የሚያሳይ ድረ ገጽ ቢሠራ ክርክሩ ይቀላል። ያው ሰው የክፍያ ሥርዓት ቢሠራ፣ በተለይ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ከሆነ፣ ነገሩ ይወሳሰባል። በቃል የተነገረ “አለቃዬ ያውቃል” አይበቃም። በጽሑፍ የተሰጠ ማረጋገጫ ሊኖር ይገባል።

የድረ ገጹ ስም በማን ስም ተመዘገበ የሚለውም ሊታይ ይገባል። ሁለት ጓደኛሞች አብረው ጀምረው ስሙን አንዱ በራሱ ስም አስመዝግቦ ከሆነ፣ በተጣሉ ጊዜ ቁልፉ በአንዱ እጅ ነው። የክሬግስሊስት ክርክር ሥሩ ለአንድ የሥራ ባልደረባ የተሰጠ አክሲዮን መሆኑም አይዘነጋም።

ከዕቅዱ ውስጥ ምን ይፈለግ?

ከላይ ከተጠቀሱት ታሪኮች በመነሣት ባለገንዘብ በቀላሉ ሊጠይቃቸው የሚችላቸው አራት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው የወር ወጪውን፣ በዶላርና በብር ለይቶ፣ ማወቅ ነው። ወጪውን በቁጥር የማያውቅ ባለቤት ሂሳቡ ገና አልመጣበትም ማለት ነው።

ሁለተኛው ተጠቃሚው በእጥፍ ቢጨምር ወጪው ይጨምራል ወይስ ገቢው ይቀድማል የሚለው ነው። በኢቤይና በፒንቦርድ ገቢው ከአጠቃቀሙ ጋር አብሮ ያድግ ነበር። በዴሊሸስ ያደገው ወጪው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከገበያተኞቹ መካከል ጥቅሙ በገንዘብ የሚታየው ማን ነው የሚለው ነው። ቤት ፈላጊው ሳይሆን ደላላው፣ ሥራ ፈላጊው ሳይሆን ቀጣሪው፣ ገዢው ሳይሆን ሻጩ ሲከፍል ገበያው አልተበተነም። “ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይከፍላል” የሚል ዕቅድ ጥንቃቄ ይሻል።

አራተኛው ሥራ የመልቀቅ ጉዳይ ነው። “ገንዘብ ከሰጣችሁኝ ሥራዬን እለቃለሁ” የሚልና “ገቢው ከደመወዜ ስለበለጠ ልለቅ ነው” የሚል ባለሙያ እኩል አይደሉም። ለመጀመሪያው የሚሰጠው ገንዘብ ደመወዝ ነው፤ ለሁለተኛው የሚሰጠው ግን ካፒታል ነው።

በዚህ ረገድ የዛሬው ባለሙያ ከሚስተር ኦሚድያር ይልቅ የቀለለ መንገድ አለው። እሳቸው በካርድ ላይ የተለጠፈ ሳንቲም በፖስታ ይቀበሉ ነበር። በኢትዮጵያ ቴሌብር በግንቦት 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አምስትና አሥር ብር በስልክ ማስከፈል ይቻላል። “ለማስከፈል መንገድ የለም” የሚለው ምክንያት እንደ ቀድሞው አያሳምንም። የሚከፍል ሰው አለ ወይስ የለም የሚለውን ለመፈተንም ባለገንዘብ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ወር ማስከፈል በቂ ነው።

በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም የተሸጠው የተሰበረ ሌዘር ፖይንተር በኋላ በወጣው የ5 በመቶ ተመን ቢታሰብ ኮሚሽኑ 74 ሳንቲም ገደማ ይሆን ነበር። ኢቤይ በገበያ ላይ የተተመነው በዕቃው ዋጋ አልነበረም፣ በጎብኚው ብዛትም ብቻ አልነበረም። ማንም ሳያስገድደው 74 ሳንቲሙን በፖስታ አሽጎ የሚልክ ሻጭ በመገኘቱ ነው። በማታ ሥራው ይህን ዓይነት ሻጭ ያገኘ ባለሙያ ለባለገንዘብ የሚያሳየው ነገር አለው።